የሰሎ ቤዝና አዲሱ አምሳያው

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ምንም ዕቃ ሳልነካ ዋልኩ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ወደነበረችው የጋሽ ኃይሌ ሬድዮ መጠገኛ ስገባ ካቻቢቴ ይሰጠኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ጋሽ ኃይሌ ከምድር ባቡር በጡረታ የወጣ ኤሌክትሪሻን ነው። ወንበር ሰጠኝና "ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር" አለኝ። ከጀርባዬ ሁለት ሬድዮ ከፈተ፤ አንዱ የተጠገነ፣ አንዱ ገና ያልተነካ። "ደህናው የትኛው ነው?" እያለ እስከ ምሳ ሰዓት አደረቀኝ።

ደጋግሜ ስሳሳት "ዋርያ፣ ዓይንህ የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳል። እዚህ ቤት የምንሠራው በጆሮ ነው" አለኝ። ከዚያች ቤት የተጠገነ ዕቃ የሚወጣው ባለቤቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከሰማው በኋላ ነበር። ደንበኞች ይስቁብን ነበር። እሱ ሲሞት ሱቋን እኔ ስረከብ ልማዱንም አብሬ ተረከብኩ።

ወደ ጊታር የገባሁት ሌላ የሚገባበት ስለጠፋ ነው። በዚያ በደርግ ዘመን ቀበሌው ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው። አምፕሊፋየር ይቃጠላል፣ ጊታር ይሰበራል፣ የሚጠግን ግን የለም። ጋሽ ኃይሌ ሽቦውን እንጂ እንጨቱን አልነካም አለ። እንጨቱ ለኔ ተጣለ። ፍሬት የሚባሉትን በአንገቱ ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን ብረቶች በሞረድ ማስተካከል፣ የተሰነጠቀ አንገት በኮላ አጣብቆ በሞርሳ ማሰር፣ የጣውላ ቤት ጎረቤታችንን እያየሁ ተማርኩ። መጀመሪያ የነካኋቸውን ሁለት ጊታሮች አበላሽቻለሁ። ባለቤቶቹ አሁንም ድሬ ውስጥ አሉ፤ ሲያገኙኝ ያነሱብኛል።

የቤዝ ጊታር ክር አይገኝም ነበር። ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ካልተለመነ በስተቀር ጨርሶ አይገኝም። ስለዚህ ክሩ ላብና አቧራ ጠጥቶ ሲደነዝዝ ፈትተን በሳሙና ውሃ እንቀቅለው ነበር። ቀቅለን፣ ጠርገን፣ ፀሐይ ላይ ዘርግተን ስንመልሰው ለጥቂት ቀናት እንደ አዲስ ይጮሃል። የጋሽ ኃይሌ ሚስት አንድ ቀን የወጥ ድስቷን ፍለጋ መጥታ አራት ክር ተጠቅልሎ ሲንተከተክ አገኘች። "አቦ ዛሬ ምሳችሁ ይሄ ነው!" ብላ ክዳኑን ወርውራብን ሄደች። እውነትም ምሳ አልመጣልንም።

ሰሎን ያወቅኩት በተሰነጠቀ አንገት ነው። ሙሉ ስሙ ሰለሞን ነው፤ የባቡር ነጂ ልጅ። ቤዙን በጋቢ ጠቅልሎ፣ የታመመ ልጅ እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ ታቅፎ ገባ። "ካልዳነ ንገረኝ፤ አታባብለኝ" አለኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ድሬ ላይ ግን አንቱታ ብዙም አልተለመደም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ተባባልን። አንገቱ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቤዝ ከኔ ሌላ ሰው ከፍቶት አያውቅም።

ስለ ቤዙ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። መሐሉ ቢጫ፣ ወደ ጠርዙ እየጠቆረ የሚሄድ ቀለም ያለው፣ በዓለም ላይ ቤዝ የሚጫወት ሁሉ የሚያውቀው የድሮ ሞዴል ነው። በባቡሩ ደህና ዘመን በጅቡቲ በኩል ሦስት ወደ ድሬ ገብተዋል። ሦስቱም እጄ ላይ አልፈዋል። የአንደኛው ባለቤት ጅቡቲ ሲሄድ ይዞት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ሁለተኛው የቀበሌ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ምስጥ በላው፤ ሲያመጡልኝ የቀረው ብረቱ ነበር። የቀረው የሰሎ ነው።

ሰሎ በዚህ ቤዝ ሆቴል ተጫውቷል፣ መልካ ጀብዱ ሰርግ ተጫውቷል፣ ዋሂል ድረስ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ሄዷል። ሲጫወት አገጩን የቤዙ ቀንድ ላይ ያስደግፋል፤ የላይኛውን የእንጨት ሹል ማለቴ ነው። የኋላ ኋላ የመጣበት ልማድ ነው። ወጣቶቹ ስታይል መስሏቸው ይቀዱት ነበር። እኔም ስታይል ነበር የመሰለኝ።

ሥራችን ሞተ። በአንድ ቀን አይደለም የሞተው፤ እያየነው ነው። ታይዋን የምንለው ገበያችን የሚገባው ስፒከር ሲበላሽ ይጣላል እንጂ አይጠገንም። የሰርግ ባንድ በአንድ ኪቦርድና በአንድ ዘፋኝ ተተካ። ከተማው ውስጥ ሙሉ ባንድ ይዞ የቀረ አንድ ሆቴል ነበር፤ ሰሎ እዚያ ይጫወታል። ሚስቱ አርፋለች፣ ልጆቹ ጅቡቲ ናቸው። ጠዋት ፂሙን የሚላጨው፣ ሸሚዙን የሚያስተኩሰው ለዚያ መድረክ ነው። መድረኩን ከወሰዱበት ሰሎ ከቤት የሚወጣበት ምክንያት የለውም፤ ይህን የሚያውቀው ሁሉ ያውቃል።

አምና የባንዱ መሪ ናትናኤል አንድ አዲስ ሻንጣ ይዞ ሱቄ መጣ። ናቲ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ትሑት፣ የሰው ፊት የሚያይ ልጅ። ሻንጣውን ሲከፍተው ደነገጥኩ። የሰሎ ቤዝ ነው! ቀለሙ፣ ቅርፁ፣ ነጩ ሽፋን፣ የቁልፎቹ አቀማመጥ፣ ሁሉም። የሚለየው አለመቧጨሩ ብቻ ነው።

"ኮፒ ነው?" አልኩት።

"አይደለም ጋሼ አብዱ። ፋብሪካው ራሱ የድሮ ሞዴሉን በሌላ አገር አሠርቶ በርካሽ እንደገና እያወጣው ነው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ከዱባይ አስመጣው።"

የመጣው አዲሱን ለመድረክ እንዳዘጋጅለት ነበር። የሰሎ ቤዝ ያጉረመርማል፣ ዘፈን መሐል ቅኝቱ ይወርዳል፣ ሰው በስልክ ሲቀርጸው ይሰማል አለኝ። ሥራ አስኪያጁ አሮጌውን ለጌጥ ግድግዳ ላይ ስቀሉት ብሏል። "ጋሼ ሰሎ ግን አልነካውም አለ። አዲሱን ካልያዘ ከሐረር ሌላ ልጅ አምጣ ተብያለሁ። እባክህ አንተ አነጋግረው።"

ላነጋግረው ከመሄዴ በፊት ሰሎ ራሱ መጣ፤ አሮጌውን በጋቢው ይዞ። "ሁለቱንም ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጥና ፍረድ" አለኝ። "አንተ ያልከውን እቀበላለሁ።" አሸንፋለሁ ብሎ ነው የመጣው፤ እኔም ያሸንፋል ብዬ ነበር።

አንድ ሳምንት ሙሉ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝቼ መረመርኳቸው። ሥራዬን እንደዚያ ጠንቅቄ የሠራሁበትን ጊዜ አላስታውስም። አንገቱን በብረት ማስመሪያ ለካሁ፤ የአዲሱ ቀጥ ያለ ነው፣ የአሮጌው ጎብጧል፣ በውስጡ ያለፈው ማስተካከያ ብረት ደግሞ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ከዚህ በላይ የሚዞርበት የለውም። የአሮጌው ፍሬቶች የሰሎ ጣቶች በሚያርፉበት ቦታ ሁሉ ተቦርቡረዋል። የአዲሱ ደህና ናቸው፤ ግን የድሬ ሙቀት እንጨቱን ስላደረቀው ጫፎቻቸው ወጥተው እጅ ይቧጭራሉ። በሞረድ አስተካከልኳቸው።

መቃኛ ቁልፎቹን አዞርኩ። የአዲሱ ለስላሳ ናቸው፤ የአሮጌው ከባድ ብረት ነው፣ አንደኛው ይንሸራተታል። ሽፋኑን ፈታሁ። ከክሩ ሥር ድምፁን የሚይዘው ማግኔት ሽቦው በአሮጌው ላይ በሰው እጅ የተጠመጠመ ነው፤ ጥምጥሙ ያስቀናል፤ ግን ደክሟል፣ ያጉረመርማል። የአዲሱ ጠንካራና ንጹሕ ነው። የአሮጌው ቀለም ስስ ነው፣ የሰሎ ክንድ ያረፈበት ቦታ ነጭ እንጨት ሆኗል። የአዲሱ ቀለም እንደ ባልዲ ፕላስቲክ ወፍራም ነው።

አሮጌው የሚበልጥበት አንድ ነገር አገኘሁ። አምፕሊፋየር ላይ ሳይሰካ ወፍራሙን ክር ስመታው ገላው በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ደረትህ ላይ ካስጠጋኸው የጎድን አጥንትህ ውስጥ ይገባል። አዲሱ አይንቀጠቀጥም። ድምፁ በገመዱ ይወጣል እንጂ በእንጨቱ አይዞርም። ሰው የሚሰማው ከስፒከር የሚወጣውን ነው ብዬ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አለፍኩት።

ሁለቱም ሲመጡ ፍርዴን ነገርኳቸው። "ሰሎ፣ ለሥራ አዲሱ ይሻላል።" ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ቤዝ ስጠግን ኖሬ፣ ዱባይ ከሱፐርማርኬት ዕቃ ጋር የተጫነ እንጨት ይሻላል አልኩ።

ሰሎ አፌን አፌን እያየ ቆየ። "አቦ አብዱ፣ አንተም?" አለ። ከዚያ ወንበሬን ጎትቶ ወደ ግድግዳው አዞረው። "በል እንደ ቤታችሁ ደንብ ይሁና! ናቲ ይጫወት። የኔን ከለየሁ ቤዜ መድረኩ ላይ ይቆያል። ካልለየሁ ያንን አሻንጉሊት እይዛለሁ።"

ናቲ እሺ አለ። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ሰፈሩ ለጫት በርጫ ገብቷል። ጎረቤት እንዳንረብሽ አምፕሊፋየሩን ዝቅ አደረግኩት። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አዲስ ክር አስሬያለሁ፤ ሚዛኑ እንዳይዛባ። ሰሎ ፊቱን አዙሮ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ናቲ መጀመሪያ አሮጌውን ተጫወተ። ሰሎ ቆይቶ "የኔ!" አለ። ልክ ነው። ቀጥሎ አዲሱን አነሳ፣ ያንኑ ዜማ ደገመ። ሰሎ አሁንም "የኔ ነው" አለ። ናቲ ቀና ብሎ አየኝ። ተሳስቷል፤ ሰው ይሳሳታል ብዬ ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

ለሦስተኛው ቤዙን ሊቀይር አሮጌውን አነሳ። ገመዱን ከአንዱ ነቅዬ ወደ ሌላው ልሰካ ጎንበስ ብያለሁ፤ ጃኩ፣ የገመዱ መሰኪያ ጫፍ፣ እጄ ላይ ነው። ናቲ ክሩን አልነካም። ሱቋ ውስጥ ከአሮጌው ቬንትሌተር በቀር ምንም ድምፅ አልነበረም። ሰሎ ግድግዳውን እያየ ራሱን በሐዘን ነቀነቀና "ይሄኛው አሻንጉሊቱ ነው። ስሙት እስቲ፤ ነፍስ የለውም" አለ።

ናቲ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ነው የገባን። ሰሎ አይሰማም። ግምት ነበር፤ የመጀመሪያውም ግምት ነበር።

ሰሎ ዞረ። ፊቱ ላይ የልጅ ፈገግታ አለ። "ስንቱን አገኘሁ?"

"ሁሉንም" አልኩት።

ሰሎ አጨብጭቦ ተነሳ፣ ቤዙን በጋቢው ጠቀለለና "አላልኳችሁም!" እያለ ወጣ። በባጃጅ ሲሄድ እጁን እያውለበለበልን ነበር። ናቲ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

"ጋሼ አብዱ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ።

አላውቅም ነበር። ከዚያ ግን እያንዳንዱ ነገር እየመጣ ራሴን መታኝ። ስልክ ማንሳት ትቷል። ሰው ሲያናግረው አፍ አፉን ያያል። መድረክ ላይ ከበሮ መቺውን እግር እያየ ነው የሚጫወተው። አገጩን ቤዙ ላይ የሚያስደግፈውም ለስታይል አይደለም። በአጥንቱ ነው የሚሰማው! ያ እኔ እንደ ትንሽ ነገር ያለፍኩት መንቀጥቀጥ የሰሎ ጆሮ ነበር። አዲሱን አልነካም ያለው ኩራት ይዞት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ፤ አዲሱ ላይ ሲደገፍ ምንም አይመጣለትም። ለማንም መናገር አልቻለም፤ ለኔም ጭምር። ስለዚህ በግምት ተወራረደ።

ናቲ ዱካው ላይ ተቀምጦ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ "ከሐረር ሰው አናመጣም" አለ። "ለሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር እነግረዋለሁ። ጋሼ ሰሎ በቤዙ ይጫወት። የሱን ድምፅ ከሚክሰሩ ላይ ዝቅ አደርገውና የቤዙን ዜማ በኪቦርዴ በግራ እጄ እጫወተዋለሁ።"

"ቢያውቅስ?"

"በምን ያውቃል?"

እኔም ከዚህ የተሻለ አልታየኝም። ተስማማሁ።

ለጥቂት ወራት እንደዚያ ሄደ። ሆቴሉ ጎራ ስል ሰሎ በተተኮሰ ሸሚዝ፣ አገጩን ቤዙ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታል። ከስፒከሩ የሚወጣው የናቲ ግራ እጅ ነው። ሰው ይጨፍራል። ሰሎ ዓይኑን ሲገልጥ ከበሮ መቺውን ያያል፣ ፈገግ ይላል። እኔ ቢራዬን ሳልጨርስ እወጣ ነበር። ማየት አልቻልኩም።

አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሰሎ ደጄ ላይ ቆሟል። ቤዙ በጋቢ ተጠቅልሏል፤ በሌላው እጁ ገመዱን ይዟል። ፂሙን አልተላጨም። ገብቶ ገመዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

"ወልቆ ነበር" አለ።

"ምኑ?"

"ገመዱ። ትናንት ዘፈኑ ሲያልቅ ዝቅ ብዬ ሳይ ጃኩ መሬት ላይ ተጋድሟል። መቼ እንደወለቀ አላውቅም። ሰዉ ጨፍሯል፣ አጨብጭቧል። ዘፋኟም አልዞረችም። ከዚያ የናቲን እጅ አየሁት።" ግራ እጁን አንስቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ አንቀሳቀሳቸው። "እኔ እዚያ የለሁማ አብዱ። የናቲ ግራ እጅ ላይ ነው ያለሁት።"

ገመዱን አንስቼ መጠቅለል ጀመርኩ።

"ያን ቀን እዚህ ግድግዳው ጋ፣ ስንቱን አገኘሁ? ሳታባብለኝ።"

አፌን እያየ ስለነበር ቀስ ብዬ ተናገርኩ። "አንዱን።"

"ሦስተኛውስ? ነፍስ የለውም ያልኩት?"

"ናቲ ገና አልጀመረም ነበር።"

ሰሎ ግድግዳውን አየ። ያለቅሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሰም። "ታዲያ ልክ ነበርኩ" አለ። ቀልድ ነበር። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ጋቢውን ከቤዙ ላይ ገልጦ ትከሻው ላይ ጣለው፤ ቤዙን ጠረጴዛው ላይ ተወው። "ይዘኸው ሂድ እንጂ፣ ቤትህ ትጫወተዋለህ" አልኩት። ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሊሰማው እንደሚችል አውቃለሁ። "ለማን?" አለኝ። ከዚያ "ያኛው አንድ ቀን ይበላሻል። መለዋወጫ ይሁነው" ብሎ ወጣ።

ሰሎ መድረክ ላይ አልተመለሰም። ቤቱ ስሄድ አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ድምፁ ተዘግቷል። አንዳንዴ የምለውን ሳይሰማ አዎ አዎ ይለኛል። የቤዙን ነገር አያነሳም፤ እኔም አላነሳም። ጅቡቲ ያሉት ልጆቹ የጆሮ መሣሪያ ልከውለታል። ከሳጥኑ አላወጣውም።

ባለፈው ክረምት ናቲ ያንን አዲሱን ቤዝ ይዞ መጣ። ከሐረር የመጣው ልጅ ነው አሁን የሚጫወትበት። ከመቃኛ ቁልፎቹ አንዱ ተሰብሯል፤ ርካሽ ብረት ስለሆነ አይበየድም። መለዋወጫ አዲስ አበባም አልተገኘም። ናቲ ወደ መደርደሪያው አየ። የሰሎ ቤዝ እዚያ ነበር።

ካቻቢቴዬን አንስቼ የአሮጌውን ቁልፍ ፈታሁ። ጠርጌ ዘይት ቀባሁት። ቀዳዳው አይገጥምም፣ ልኩ ይለያያል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ገጠመ። ብሎኖቹ ሳይቀሩ በቀዳዳቸው ገቡ። ናቲ ቃኘው፣ ትንሽ ተጫወተበትና "ጎበዝ ነህ ጋሼ አብዱ" ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ቁልፍ ፈትቻለሁ፣ የክር መቀመጫውንም ወስጃለሁ። መደርደሪያዬ ላይ ያለው አሁን ክር የማይታሰርበት አንገትና ገላ ነው።

ይህን ሥራ ለምትይዙ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ሰው ሁለት ዕቃ ይዞ መጥቶ አወዳድርልኝ ሲላችሁ፣ መጀመሪያ ሰውየው ዕቃውን እንዴት እንደሚይዘው እዩ። እኔ እንጨቱን፣ ሽቦውንና ብረቱን ሳምንት ሙሉ መረመርኩ። ሰሎን አልመረመርኩም።